የሃዋይ የራስ ጉንጉን በእጅ ለመሥራት፦ ሃኩ፣ ዊሊ፣ ሂሊ ወይስ ሂሎ?

ሃዋይያውያን በራሳቸው ላይ የሚደፉትን የቅጠልና የአበባ ጉንጉን ሌይ ፖኦ ይሉታል፤ ሌይ ጉንጉን፣ ፖኦ ራስ ማለት ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ፈርን የሚባለው ላባ መሳይ ቅጠል፣ አበባ፣ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል፣ አልፎ አልፎ ጣል የተደረገ ነጭ ነገር። ልዩነቱ የሚገለጠው ገልብጠው ጀርባውን ሲያዩት ነው። አንዱ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል፤ ሌላው በክር ተጠቅልሎ ታስሯል፤ ሦስተኛው ተገምዷል፤ አራተኛው ደግሞ በመርፌ ተሰፍቷል። እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው፣ የሚወደው ተክል አለው፣ ሳይጠወልግ የሚቆይበት ጊዜም ይለያያል።

ጀማሪ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አበባውን ይመርጣል፤ አሠራሩን የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው መሐል ላይ የሚፈርሰውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የምመክረው ከአበባው ቀለም በፊት አገዳውን እንድታዩ ነው። ምን ያህል ይረዝማል? ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል ወይስ እሺ ብሎ ይጎብጣል? ጭራሹን አገዳ የሚባል ነገር አለው? ይህን ከመለሳችሁ ካሉት አሠራሮች ግማሾቹ ራሳቸው ከምርጫው ይወጡላችኋል።

ሙጫ በሚያፈስ ሽጉጥና በሽቦ ቀለበት የሚሠራውን የሱቅ ዓይነት እዚህ አላነጻጽረውም። ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው፤ ግን ሲያልቅ ወደ መሬት መመለስ አይቻልም፤ ግንባር ላይም ይቆረቁራል።

ሃኩ፦ ጽኑና ቀርፋፋ

ሃኩ የሚሠራው ሦስት ዘለላ ባለው መሠረት ላይ ነው። ዛሬ መሠረቱ በአብዛኛው ራፊያ ነው፤ ከዘንባባ ዘር ቅጠል የሚገፈፍ ስስ ጭረት ሲሆን የእጅ ሥራ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ይገኛል። የሚገርመው ራፊያ ራሱ ለሃዋይ እንግዳ ነው፤ ዛፉ የአፍሪካና የማዳጋስካር ነው። የደሴቶቹ ሰዎች ከእሱ በፊት ይጠቀሙ የነበረው ቲ በሚባል ተክል ሰፊ ቅጠልና ከሙዝ ግንድ በሚገፈፍ ደረቅ ልባስ ነው፤ ዛሬም ድረስ እነዚህን የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ይህን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው የእንሰት ቃጫ መጠቀም ይችላል። ከራፊያ ሻካራ ስለሆነ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይራስ፤ ቀጠን ያለውንም መምረጥ ነው።

ዘጠኝ ያህል የራፊያ ጭረት ጫፋቸውን አንድ ላይ ቋጥሩና ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ ከፍሉ። ለማሰሪያ የሚሆን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከተዋችሁ በኋላ ትንሽ ባዶውን ጎንጉኑ። ቀጥሎ አንድ የፈርን ቅጠል መሐለኛው ዘለላ ላይ አስተኙ፤ የቀኙን ዘለላ በላዩ አሳልፉ፣ ከዚያ የግራውን። አሁን ወደ መሐል የመጣው ዘለላ ላይ አበባ አድርጉ፤ እንደገና ቀኝ፣ እንደገና ግራ። እያንዳንዱ አገዳ ከያዘው ዘለላ ጋር አብሮ እየተጎነጎነ ይሄዳል፤ አዲሱ ቅጠል ደግሞ የቀደመውን አገዳ ይሸፍነዋል። ጥብቅ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ሌይው ተዘቅዝቆ ቢራገፍ እንኳ አንድ አበባ አይወድቅም።

ሃኩ የሚጠይቀው አገዳ ነው። ሦስት አራት ጊዜ እንዲተላለፍበት ከአምስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ሲጎብጥ የማይሰበር አገዳ ያስፈልጋል። ትናንሽ ጽጌረዳዎች፣ ስታቲስ፣ ጎምፍሬና፣ ኦሂአ የሚባለው የሃዋይ ዛፍ ለጋ ቅጠል፣ ፈርን ሁሉ ይስማሙታል። ኦርኪድ ነጠላ አበባውን ብቻ ከሆነ አይስማማውም፤ አገዳው አጭርና ውሃ የሞላው ስለሆነ ሲጠብቅበት ይበጠሳል።

ጊዜ ይፈጃል። ልማድ ለሌለው ሰው ግማሽ ቀን ቢወስድ አያስገርምም። ሌላው ችግር መሳሳትን አለመፍቀዱ ነው፤ መሐል ላይ ያስገባችሁት አበባ ካላማራችሁ እስከዚያ ድረስ የተጎነጎነውን መፍታት ግድ ነው። በምላሹ የምታገኙት ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ግንባር ላይ የሚመች፣ ሲደርቅም ቅርጹን የማይለቅ ሥራ ነው።

ለገዢ አንድ ነገር ልጨምር። በሃዋይ ሱቆችም ሆነ በብዙ ሰው አፍ ዛሬ ራስ ላይ የሚደረግ ሁሉ ሃኩ እየተባለ ይሸጣል፤ አብዛኛው ግን ዊሊ ነው። ጥራቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለሃኩ የሚከፈለውን ዋጋ የምትከፍሉ ከሆነ ግን ገልብጡትና ሹሩባው መኖሩን እዩ።

ዊሊ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ

ዊሊ መጠቅለል ነው። መሠረቱ አንድ ወፍራም ነገር ይሆናል፤ የተጎነጎነ ራፊያ፣ የታጠፈ የቲ ቅጠል ወይም የሙዝ ልባስ። ሁለት ሦስት ቅጠልና አበባ ትንሽ እቅፍ አድርጋችሁ መሠረቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ በረጅም ክር ሁለት ሦስት ጊዜ አጥብቃችሁ ትጠቀልላላችሁ፤ የሚቀጥለውን እቅፍ የፊተኛውን አገዳ እስኪሸፍን አስጠግታችሁ እንደገና ትጠቀልላላችሁ። ቋጠሮ የለም። ክሩ ሊያልቅ ሲል አዲሱን ጫፍ በጥቅሉ ሥር አስገብታችሁ ትቀጥላላችሁ፤ የሚቋጠረው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው ዊሊ በብዙ ነገር ይቀልላል። ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አገዳ ይበቃዋል። የተሳሳተውን ጥቂት ዙር ፈትቶ ማስተካከል ይቻላል። አበባው ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ለጋ እጅ የሠራውም ሙሉ ሆኖ ይታያል። ልጆችን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የለም፤ አንዱ መሠረቱን ይይዛል፣ አንዱ ይጠቀልላል።

ድካሙ ያለው ክሩን ማጥበቅ ላይ ነው። ቅጠል በደረቀ ቁጥር ይኮማተራል፤ ትናንት ጥብቅ የነበረው ዛሬ ይላላል፤ ላላ ያለ ዊሊ ደግሞ አንድ አበባ ከወደቀበት ጎረቤቱም ተከትሎ ይወድቃል። ሃኩ ላይ እያንዳንዱ አገዳ በራሱ መተላለፊያ ስለሚያዝ ይህ አይደርስበትም። ስለዚህ ዊሊ የምትሠሩ ከሆነ ራፊያውን አርጥባችሁ ጠቅልሉ፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። የአገዳ ጫፎች ከጀርባ እንዳይወጉም አንድ ለስላሳ የቲ ቅጠል ርዝመቱን ሙሉ ደርቡበት።

ሂሊ፦ ቅጠሉ ራሱ ክር ሲሆን

ሂሊም መጎንጎን ነው፤ ግን መሠረት የሚባል ነገር የለውም። የሚጎነጎነው ራሱ ጌጡ ነው፤ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ። በዚህ አሠራር ስሙ የገነነው ፓላፓላይ የሚባለው ስስና ፀጉራም ፈርን ነው። ፓላፓላይ የሁላ ጭፈራ አምላክ ለሆነችው ለላካ ከሚቀርቡት ዕፅዋት አንዱ ሲሆን በጥንቱ የሁላ ዓይነት፣ በካሂኮ፣ ጨፋሪዎች ራሳቸው፣ አንገታቸው፣ የእጃቸው አንጓና ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሲያደርጉት ይታያል። በየዓመቱ ከፋሲካቸው ማግስት ባለው ሳምንት በሂሎ ከተማ የሚካሄደውን የሜሪ ሞናርክ በዓል ያየ ሰው ያንን አረንጓዴ አክሊል አይረሳውም። የበዓሉ የሁላ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ በዓሉ ራሱ በካላካዋ ንጉሥ ቅጽል ስም የተሰየመ ነው።

አሠራሩ ሲነገር አጭር ነው። ከሦስት ቅጠሎች አገዳ ላይ የታችኛውን ቅጠላ ቅጠል ገፍፋችሁ አንድ ላይ ታስራላችሁ፤ ትጎነጉናላችሁ፤ አንዱ አገዳ ሊያልቅ ሲቃረብ አዲስ ፈርን ጎኑ ታስገባላችሁ፤ የቅጠሉ ጫፎች ወደ ውጭ እንዲበተኑ ትተዋላችሁ። የሚከብደው እኩል ማድረጉ ነው። ሦስቱም አገዳዎች በአንድ ቦታ ካለቁ እዚያ ላይ ሌይው ይሳሳል፣ ሲታሰርም እዚያው ይበጠሳል። መጨመሪያዎቹን ማፈራረቅ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በመሐል አንዴ በግራ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ነው።

ለእኔ ከሁሉም ውብ ሂሊ ነው፤ በዚያው ልክ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጫፉ መጠቅለል ይጀምራል። ለምሽት መድረክ የተሠራ ጌጥ እንጂ ለቀን ሙሉ ሠርግ የሚሆን አይደለም። ሌላ ፈርን መተካት ይቻላል፤ በማሰሮ የሚተከለው ኩፑኩፑና ዘመዶቹ ጠንካራ አገዳ ስላላቸው እንዲያውም ለለማጅ ይቀላሉ። የአበባ ሻጮች ለእቅፍ ማድመቂያ የሚጠቀሙበት ቆዳ መሳይ ወፍራም ፈርን ግን አገዳው ደረቅ ስለሆነ ለሂሊ አይሆንም፤ ለዊሊ አስቀምጡት።

ሂሎ፦ የቲ ቅጠል ብቻ በቂ ሲሆን

የቲ ተክል በሃዋይ ቋንቋ ኪ ይባላል። ከደሴቶቹ የበቀለ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በታንኳ ይዘውት ከመጡት ተክሎች አንዱ ነው። ዛሬ በየቤቱ ጥግ ክፉ ነገር ይከላከላል ተብሎ ይተከላል፤ ምግብ ይጠቀለልበታል፤ የሁላ ቀሚስ ይሠራበታል። ቅጠሉ ሰፊና ረጅም፣ ከእጅ መዳፍ እስከ ክርን ከዚያም በላይ ስለሚደርስ ለገመድ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ከሃዋይ ውጭም በአበባ ጅምላ መሸጫዎች በእሥር ይሸጣል፤ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ለሚኖሩ አንባቢዎች ከሌሎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው ይኸው ነው።

ሂሎ ሁለት ዘለላ ብቻ ነው ያለው። ቃጫ ገምዶ ለሚያውቅ ሰው ሕጉ አዲስ አይሆንበትም፦ ሁለቱንም ዘለላ ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ወደ ቀኝ፣ ታከራላችሁ፤ ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ በተቃራኒው፣ ወደ ግራ፣ ታሳልፋላችሁ። ሁለቱ መክረሮች እርስ በርሳቸው ለመፈታት ሲታገሉ ይቆላለፋሉ፤ ስለዚህ ያለ ክርና ያለ ሙጫ ይቆማል። ሁለቱንም ሥራ ወደ አንድ አቅጣጫ ካደረጋችሁት እጃችሁን በለቀቃችሁ ቅጽበት ይተረተራል። ቅጠሉ ሊያልቅ አራት ጣት ያህል ሲቀረው አዲሱን ደርባችሁ አብራችሁ ታከሩታላችሁ።

ጥሬ የቲ ቅጠል ግን አይገመድም፤ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የመሐሉን ጠንካራ ጅማት ከሁለቱም ወገን ነጥሎ ማውጣት፣ ቀጥሎ ቅጠሉን ማለስለስ ያስፈልጋል። የማለስለሻው መንገድ ራሱ ምርጫ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን የሰማውን ይዞ ይቀራል።

የመጀመሪያው ማቀዝቀዝ ነው። ጅማቱ የወጣለትን ቅጠል ጠቅልላችሁ በፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። በረዶው የቅጠሉን ሴሎች ስለሚሰብራቸው በማግስቱ ሲቀልጥ እንደ ጨርቅ ይተጣጠፋል። ቀለሙ ጠቆር ይላል፤ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ሁለተኛው ካውያ ነው። በመካከለኛ ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ለአጭር ጊዜ ትተኩሱታላችሁ። ለአስቸኳይ ሥራ ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ጥግ ሲቃጠል ሌላው ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬው ቦታ ላይ ደግሞ ሲከር ይሰነጠቃል። ሦስተኛው የፈላ ውሃ ነው፤ ያለሰልሳል፣ ነገር ግን ቀለሙን ወደ ቡናማ ይወስደዋል። ማይክሮዌቭ የሚጠቀሙም አሉ። ከሁሉም ማቀዝቀዙን እመርጣለሁ። አንድ ሌሊት መጠበቅ የማይቻልበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ቅጠል እኩል መለስለሱ ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ እረፍት ነው።

የሂሎ ጉንጉን አበባ አይሸከምም፤ አንድ ሁለት አበባ ወይም ለጋ ቅጠል በመገመጃው መሐል ማስገባት ይቻላል እንጂ ከዚያ በላይ አይይዝም። ቀጭን ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንድም ሴትም ያደርገዋል። ትልቁ ጥቅሙ ደርቆም መቆየቱ ነው፤ አረንጓዴው ወደ ወርቃማ ቡናማ ይለወጣል፣ ቅርጹ ግን እንደነበረ ይቀራል። ወፈር ያለ ከፈለጋችሁ የለሰለሰውን ቲ ሦስት ዘለላ አድርጋችሁ እንደ ሂሊ ጎንጉኑት፤ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ የራስ ማሰሪያ ይወጣዋል። በሆሳዕና ዘንባባ ጎንጉኖ ግንባሩ ላይ ያሰረ አንባቢ ጣቱ ግማሹን ሥራ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ዘንባባ ማለስለሻ አለመፈለጉ ነው። ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ ቁርጥራጩን መሬት ላይ አትተዉ፤ የቲ ቅጠል ለእነሱ መርዝ አለው።

ሁሙፓፓ፣ በአጭሩ

አገዳ የሌለው አበባ ብቻ ነው ያላችሁ? እንግዲያው መስፋት ነው። ሁሙፓፓ በቲ ቅጠል፣ በሙዝ ልባስ ወይም በወፍራም ጨርቅ ላይ አበባውን ረድፍ በረድፍ እየደረቡ በመርፌ የሚሰፋ ነው። ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከራስ ይልቅ ለባርኔጣ ይስማማል፤ የሃዋይ ከብት ጠባቂዎች፣ ፓኒዮሎ የሚባሉት፣ ባርኔጣቸውን የሚያስጌጡት በዚህ ዓይነት ነው። ሥራው ረጅም፣ ትዕግሥቱ ብዙ ነው። አበባ በክር መሐሉን እየወጉ መደርደር፣ ኩዊ የሚባለው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው የአንገት ሌይ ነው፤ ራስ ላይ ስለሚንሸራተት እዚህ አይገባም።

ታዲያ የትኛውን?

ለጨፋሪ ሃኩ ወይም ሂሊ። ሁለቱም በሹሩባ የተያዙ ስለሆኑ ራስ ሲወዛወዝ አይበተኑም። ዊሊም ይሆናል፤ ያጠበቀው እጅ የታመነ ከሆነ።

ለምረቃ ነገሩ ይለያል። በሃዋይም ሆነ በካሊፎርኒያና በዋሽንግተን ስቴት ልጅ ያስመረቀ ሐበሻ ወላጅ ተመራቂዎች እስከ አገጫቸው ሌይ ተደርድሮባቸው አይቷል። እዚያ ቀኑ ረጅም ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ባርኔጣ ይደረጋል፣ ይወለቃል፣ ፎቶ ይነሣል። ለዚህ የቲ ሂሎ እመርጣለሁ፤ ቢጨማደድ ይቃናል፣ ከባርኔጣው ሥርም ይገባል፣ ልጁም ቤቱ ወስዶ ይሰቅለዋል። በፈርን ብቻ የተሠራ ጉንጉን ግን እስከ ከሰዓት በኋላ አይደርስም።

ለሙሽራ ሃኩ ነው። ፎቶው ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚነሣ፣ ሙሽራዋም ቀኑን ሙሉ ስለምትሸከመው ጀርባው ጠፍጣፋ መሆኑ ዋጋ አለው። በጀት ወይም ጊዜ ካነሰ ፊቱ ላይ ብቻ ሃኩ ሠርታችሁ የኋላውን ባዶ ሹሩባ ተዉት፤ ፀጉር ይሸፍነዋል።

ለመማር ብቻ ከሆነ ብዙዎች ዊሊን ያስቀድማሉ። እኔ ግን ሂሎን አስቀድሜ ዊሊን አስከትላለሁ። ሂሎ ጣትን ማጥበቅ ያስተምራል፤ ያላጠበቀ ሰው ሥራው ፊቱ ይተረተርበታል፤ ሌላ መምህር አያስፈልገውም። ዊሊ ስህተትን በአበባ ስለሚሸፍን ስህተቱ የሚታወቀው በማግስቱ ነው።

በየትኛውም አሠራር መጀመሪያ የራስን ዙሪያ በክር ለኩ፤ የአዋቂ ሰው በአብዛኛው ከ54 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚጌጠው ክፍል ከልኩ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይነስ፤ የቀረውን ማሰሪያው ያስተካክለዋል። ልኩን ሙሉ የሠራ ሰው ጉንጉኑ ጆሮው ላይ ሲወርድበት ነው ስህተቱን የሚያየው። ፈርኑና አበባው ከመሠራቱ በፊት ውሃ ጠጥቶ፣ ተራግፎ፣ ሥራው ላይ እርጥብ እንጂ የሚያንጠባጥብ ሳይሆን መድረስ አለበት።

ከየት ይቀጠፍ?

የተክል ምርጫ ውስጥ ውበት ብቻ ሳይሆን ሕግም በሽታም አለ። የሃዋይ ጫካ ዋና ዛፍ ኦሂአ ነው፤ አበባው ሌሁአ ይባላል፤ ቀላ ያለው ለጋ ቅጠሉ፣ ሊኮ፣ ለሃኩ ከሚወደዱት ሁሉ የላቀ ነው። ወደ ጫካ ሲገቡ ሌሁአ መቅጠፍ ዝናብ ያመጣል የሚል የቆየ እምነትም አለ። ዛሬ ሌላ ጭንቀት ተጨምሯል። ሴራቶሲስቲስ የሚባል ፈንገስ ዛፉን በድንገት ያደርቀዋል፤ መንሥኤው እ.ኤ.አ. በ2014 ተለይቶ ከታወቀ ወዲህ ከደሴቶቹ ትልቋ በሆነችው በሃዋይ ደሴት እጅግ ብዙ ዛፍ ሞቷል፤ በኋላም በሌሎቹ ደሴቶች፣ በካዋይ፣ በማዊና በኦዋሁ ተገኝቷል። ፈንገሱ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ቅርንጫፍ መስበር ደግሞ ቁስል ማበጀት ነው፤ በጫማና በመቀስ የተያዘ አፈርም በሽታውን ከዛፍ ዛፍ ያዛምታል። ከሃዋይ ደሴት ኦሂአን ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ደሴት መውሰድ ክልክል ነው። ስለዚህ ኦሂአ ለሚያምራችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ ተዉት፣ ቀዩን በሌላ ተኩት።

ከምትኮቹ ሁሉ አአሊኢን አደንቃለሁ። የእኛው ክትክታ ነው፤ ዶዶኔያ ቪስኮሳ። እኛ ዘንድ በተራቆተ ኮረብታ ላይ የሚበቅል፣ ለማገዶና ለአጥር የሚቆረጥ ቁጥቋጦ፣ እዚያ ክንፍ ያለው ቀይ ፍሬው ለራስ ጉንጉን ይመረጣል። ፍሬው ወረቀት መሳይና ደረቅ ስለሆነ አይጠወልግም፤ አገዳው ጠንካራ ነው፤ ለሃኩም ለዊሊም ይሆናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ይህን አሠራር በአንድ እውነተኛ የሃዋይ ሌይ ተክል መጀመር ይችላል ማለት ነው። በሌይ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ መንግሥት የባህል ጥበባት ሽልማት ያገኘችው የዋይሜአዋ ማሪ ማክዶናልድ አበባዋን በእርሻዋ ታበቅል ነበር። ከጫካ ይልቅ ከግቢ መቅጠፍ ለእጅም ለኅሊናም ይቀላል። ግድ ከጫካ ከሆነ ባለቤት ይጠየቅ፤ ከአንድ ተክል ጥቂት ብቻ ይወሰድ፤ ሥሩ አይነቀል።

ማቆየትና መሰናበት

የተሠራውን ጉንጉን በጥቂቱ ውሃ ረጭታችሁ በፌስታል ወይም በዕቃ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፤ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም። ሃኩና ዊሊ ከዝግጅቱ ቀን በፊት ባለው ቀን ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሂሊ በዕለቱ ቢሠራ ይሻላል። በሆኖሉሉ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ሜይ 1 የሌይ ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ለውድድር የቀረቡት ሌዮች በማግስቱ ወደ ማውና አላ፣ ወደ ነገሥታቱ መቃብር ተወስደው ይቀመጣሉ። ለዚያ የሚሠራ ሰው ጉንጉኑ ሁለተኛውን ቀን በክብር እንዲያይ ተጨንቆ ነው የሚመርጠው።

ሌይ የተሰጠው ሰው በሰጪው ፊት አያወልቅም፤ ነውር ነው። ሲደርቅም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ይቀበራል ወይም ወደ ተቀጠፈበት ቦታ ይመለሳል። ራፊያ፣ ቃጫና የቲ ቅጠል ከነሥራቸው መሬት ይበላቸዋል፤ ናይለን ክር ከተጠቀማችሁ ግን መጀመሪያ ቆርጣችሁ አውጡት፤ ወፍ እግር ላይ ይጠመጠማል።

ከሃዋይ ወደ ዋናው አሜሪካ የምትበሩ ከሆነ ጉንጉኑ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በግብርና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይመረመራል። በብርቱካን ወገን ተክል የተሠራ፣ የሞኪሃና ፍሬን ጨምሮ፣ አያልፍም። ስለዚህ መንገደኛ ሰው ከሥራው በፊት ምን እንደሚያስገባበት አስቦ ቢጀምር ይሻለዋል፤ የቲ ሂሎ የለበሰ መንገደኛ ከሁሉ ያነሰ ጣጣ አለበት።